ሐተታ ስለ እርም፤ የማይበላ ነገር ትርጓሜና በሐረር የታየ ታሪኩ

አዳም በገነት ሳለ የማይበላ ነገር አንድ ብቻ ነበረው። ዛፉ መርዝ አልነበረም፤ ሲያዩት ደስ የሚል፥ ቢበሉትም የሚጥም መሆኑን ኦሪት ዘፍጥረት አልሸሸገችም። ስለ ምን ተከለከለ ቢሉ፥ ክፉ ስለ ነበረ አይደለም፤ ባለቤቱ ሌላ ስለ ነበረ ነው እንጂ። አዳም የገነትን ፍሬ ሁሉ እየበላ አንዲቱን ሲተው፥ ገነት በጉልበቱ ያገኛት ሳትሆን የተሰጠችው እንደ ሆነች፥ ሰጪም እንዳላት ያስብ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር፥ ማለት ሊበላ ሲቻል የማይበላውን፥ አማርኛ «እርም» ይለዋል።

ቃሉ ዛሬ በሰው አፍ ተራ ሆኗል። እናት ልጇን ስትገሥጽ «እርም በል» ትለዋለች፤ ከክፉ ልማዱ የሚመለስ ሰው «እርም ይሁንብኝ» ብሎ ይምላል፤ ሐዘንተኛም «እርሜን ላውጣ» ብሎ ያለቅሳል። ይሁን እንጂ ይህ አጭር ቃል ረጅም ታሪክ አለው። ታሪኩም በብራና ብቻ ሳይሆን በድንጋይና በከተማ ላይ ተጽፏል፤ ከከተሞችም ይልቅ በሐረር ላይ ጐልቶ ይነበባል። ስለዚህ አስቀድሞ ቃሉ፥ ቀጥሎ ታሪኩ፥ በመጨረሻም ምሥጢሩ ይነገራል።

ስለ ቃሉ

የቃሉ ሥር ግዕዝ ነው፤ ሐረመ ይላል። ለየ፥ ከለከለ፥ ለሌላ እንዳይሆን አደረገ ማለት ነው። ከዚህም ሥር ብዙ ቅርንጫፍ ወጥቷል። ሕሩም የተለየ፥ የተከለከለ ነው። ተሐረመ ከመብል ከመጠጥ ራሱን ከለከለ ማለት ነው። ሕርመት መከልከል ነው፤ ተሐራሚም ሥጋ ቅቤ የማይቀምስ፥ ዓለምን የናቀ መነኵሴ ነው። አማርኛ የግዕዙን ሐመድ አመድ እንዳለው ሁሉ፥ ሕርሙንም እርም አለው፤ ሐውት ሐ በአማርኛ አፍ ለዝባ ቀርታለችና።

ከዚሁ ሥር አንድ ቅርንጫፍ አለ፤ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ። ይኸውም ምሕራም ነው። ምሕራም ማለት ቤተ መቅደስ፥ የተቀደሰ ስፍራ ማለት ነው። እንግዲህ ከአንዱ ሥር የማይበላው ሥጋም የማይረገጠው መቅደስም ወጥተዋል። ይህ እንዴት ይሆናል ቢሉ፥ ሁለቱም ከሰው እጅ የተለዩ ስለ ሆኑ ነው። አንዱ ስለ ርኵሰቱ ይለያል፤ አንዱ ስለ ቅድስናው ይለያል። እጅ ግን ወደ ሁለቱም አይዘረጋም።

የአክሱም ንጉሥ ኢዛና ከማመኑ አስቀድሞ ባስቀረጻቸው የድንጋይ ጽሕፈቶች ራሱን የመሕረም ልጅ ይል ነበር። መሕረም የአክሱም ነገሥታት ጣዖት ነው፤ ፊደሉም ከሐረመ ፊደል ጋራ አንድ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት ንጉሡ ካመነ በኋላ ግን በጽሕፈቱ ያ ስም ጠፋ፤ በፈንታው የሰማይ ጌታ ተጠራ። ጣዖቱ ሲሻር ሥሩ አልተነቀለም፤ ሕርመትና ተሐራሚ ተብሎ ለጾምና ለምናኔ ዋለ።

ወንድሞች የሆኑ ቋንቋዎችም ቃሉን በየቤታቸው ይዘውታል። ዕብራይስጥ ሔሬም ይላል፤ ለእግዚአብሔር ተለይቶ ሰው የማይነካው ነገር ነው። ዐረብኛ የማይፈቀደውን ሐራም፥ በመካ ያለውን የተከበረ ስፍራ ሐረም፥ የሴቶችን እልፍኝ ሐሪም፥ የዓመቱን መጀመሪያ ወር ሙሐረም ይላል። የኦሪትን መጽሐፍ ወደ ጽርእ የመለሱት ሊቃውንትም ሔሬምን አናቴማ ብለውታል፤ ትርጓሜው በመቅደስ የተቀመጠ፥ የተለየ ማለት ነው፤ ኋላ ግን ውጉዝ ለማለት ዋለ። እነሆ የተቀደሰና የተወገዘ በአንድ ቃል ሲጠሩ በግዕዝ ብቻ አልሆነም።

ስለ ኢያሪኮ

የእርም ነገር በመጽሐፍ ከሁሉ ይልቅ የተገለጠው በኢያሪኮ ነው። ኢያሱ ከተማይቱ ከነሀብቷ እርም እንድትሆን አዘዘ፤ ብሩና ወርቁ፥ የናሱና የብረቱም ዕቃ ወደ እግዚአብሔር ግምጃ ቤት ይግባ አለ። አካን ግን የሰናዖርን ካባ፥ 200 ሰቅል ብርና 50 ሰቅል የሚመዝን ወርቅ ወስዶ በድንኳኑ ቀበረ። ስለ እርሱም እስራኤል በጋይ ፊት ሸሹ።

በዚህ ሐተታ አለ። ካባ አይበላም፤ ብርም አይበላም፤ ወርቅም አይበላም። እንግዲህ እርም የተባለው ለሆድ ብቻ አይደለም፤ ሰው ወስዶ የራሱ ሊያደርገው ለማይገባው ሁሉ ነው። አንድም፥ አካን የወሰደው ከጠላት ነበር፤ ከጠላት መውሰድ ኃጢአት ያልሆነበት ጊዜ ነበርና፥ በደሉ መውሰዱ ሳይሆን ለእግዚአብሔር የተለየውን መውሰዱ ነው። ሳኦልም እንዲሁ የአማሌቅን መንጋ እርም እንዲያደርግ ታዞ ሳለ የሰቡትን ለይቶ አስቀረ፤ ለመሥዋዕት ነው ብሎም አመካኘ፤ መንግሥቱ ግን በዚያ ተነቀለች። እርምን በመሥዋዕት ስም መብላት ከሁሉ ይከፋልና።

ኦሪት ዘኍልቍ ደግሞ በእስራኤል እርም የሆነው ሁሉ ለአሮን እንዲሆን ይናገራል። ለሕዝቡ እርም የሆነ ለካህኑ እንጀራ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ከሰው ሁሉ ይልቅ ካህን ሊፈራ ይገባዋል፤ ለሌላው የተከለከለው ለእርሱ የተፈቀደው አደራ ሆኖ ነውና።

ስለ ሐረር

አሁን ወደ ሐረር እንመለስ። ይህች ከተማ ራሷ ለብዙ ዘመን ሕርም ነበረች። ጀጎል የሚባለው ቅጥሯ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት አለው፤ ያሠሩትም በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ናቸው። አምስት በሮች ነበሩት፤ ሸዋ በር፥ ኤረር በር፥ ሰንጋ በር፥ ቡዳ በር፥ ፈላና በር በአማርኛ ይባላሉ። ክርስቲያን ወደ ውስጥ የማይገባባት ከተማ ተብላ በሩቅ ተሰማች። ሪቻርድ በርተን የሚባለው እንግሊዛዊ በ1847 ዓ.ም. በገባ ጊዜ፥ አስቀድሞ የእስላም ነጋዴ መስሎ ተጓዘ፤ በከተማይቱ በር ሲደርስ ግን ማንነቱን ገለጠ፤ በአሚር አሕመድም ፊት ቆሞ 10 ቀን ተቀምጦ ወጣ።

ቅጥሩ ስለ ምን ተሠራ ቢሉ፥ ከዘመኑ ጦርነት የተነሣ ነው። ኢማም አሕመድ፥ ግራኝ የሚባለው፥ በ1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ ከወደቀ በኋላ ዐፄ ገላውዴዎስ አገሩን መለሱ። ሃይማኖታቸውን በሰይፍ ፍርሃት ትተው የነበሩት ብዙዎች ተመለሱ፤ በመጽሐፈ ቄደርም ሥርዐት እየነጹ ወደ ምእመናን አንድነት ገቡ። በዚያ ወራት መብል የሃይማኖት ምልክት ሆኖ ነበር፤ የማንን ቢላዋ ሥጋ በላህ ማለት የማን ወገን ነህ ማለት ነበር።

በዚሁ ወራት ከሮም የተላኩ ካህናት ኢትዮጵያውያንን በአይሁድ ሥርዐት ይሄዳሉ ብለው ነቀፉ፤ ከነቀፉትም ነገር አንዱ የእሪያ ሥጋ አለመብላት ነው። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1547 ዓ.ም. በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ መለሱ። የመልሳቸው ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ እሪያን መተዋችን እንደ አይሁድ በሕግ ታስረን አይደለም፤ የሚበላውን አንጸየፍም፥ የማይበላውንም ብላ ብለን አናስገድድም። ይህንንም ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው ትምህርት አጸኑት። ይህ መልስ ታላቅ ነው። ንጉሡ የአባቶቻቸውን ልማድ አልጣሉም፤ ነገር ግን ልማዱን የሰው መመዘኛ አላደረጉትም። ሕርመት ለራስ ልጓም ነው እንጂ ለሌላው ሰንሰለት አይደለም አሉ።

መልሱን በጻፉ በአራተኛው ዓመት፥ መጋቢት 27 ቀን 1551 ዓ.ም.፥ በሰሙነ ሕማማት፥ ዐፄ ገላውዴዎስ ከአሚር ኑር ጋራ ተዋግተው ወደቁ። ራሳቸውም ተቈርጦ ወደ ሐረር ተወሰደ። ጾም ይዘው፥ ማለት ተሐርመው፥ በመድኃኔ ዓለም ቀን ሞቱ። ስለ መብል ሌላውን አትንቁ ያለ ንጉሥ ራስ በዚያች ቅጥር ውስጥ የድል ምልክት ሆነ።

ድሉ ግን ለሐረር እንጀራ አልሆነላትም። ወዲያው የኦሮሞ ሕዝብ እየገፋ መጣ፤ እርሻ ጠፋ፤ መንገድ ተዘጋ፤ ረሃብና ቸነፈር ተከተለ። የእህልና የጨው ዋጋ ከሰው ዐቅም በላይ ወጣ። አሚር ኑርም ራሳቸው በ1560 ዓ.ም. ገደማ በዚያው ቸነፈር ሞቱ። በረሃብ ዘመን የሚበላና የማይበላ መለየት ይከብዳል። ዳዊት በተራበ ጊዜ ለካህናት ብቻ የተለየውን ኅብስት በላ፤ ጌታም በወንጌል ይህን ጠቅሶ ፈሪሳውያንን ዘጋ። የእስላምም ሕግ ነፍሱን ለማዳን በግድ የበላውን አይኰንንም። ስለዚህ እርም በሰው ሕይወት ላይ የተሾመ ጌታ አይደለም፤ ለሰው ሕይወት የተሰጠ ጠባቂ ነው።

ዘመን አለፈ። ግብጾች ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ሐረርን ይዘው ኖሩ፤ ሲወጡም አሚር ዐብዱላሂ ነገሡ። በ1879 ዓ.ም. በልደት ሰሞን ንጉሥ ምኒልክ በጨለንቆ ድል አደረጉ። አሚሩ ቤተ ሰባቸውን ይዘው ሌሊት ወደ ምሥራቅ ሸሹ፤ አጎታቸው አሊ አቡ በርካ ለሕዝቡ ምሕረት ለመኑ። ከተማይቱ እንደ ኢያሪኮ አልተቃጠለችም፤ ቅጥሯም አልፈረሰም፤ ዛሬም ቆሟል። ግዛቱ ኋላ ራስ ለተባሉት ለመኰንን ተሰጠ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1898 ዓ.ም. ገዙ።

በዚያ ዘመን በፈረስ መጋላ፥ ግብጾች ያሠሩት መስጊድ በነበረበት ስፍራ፥ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ቆመ። ክርስቲያን በዚህ ደስ አለው፤ የሐረር ሰው አዘነ። ቃሉን የሚያውቅ ሊቅ በዚህ ስፍራ ሊቆም ይገባዋል። እርም ለእግዚአብሔር የተለየ ነው እንጂ ለአሸናፊ የተለየ አይደለምና። ስፍራውን ምሕራም የሚያሰኘው የያዘው ሰው ኀይል ሳይሆን በውስጡ የሚሠራው ምሕረት ነው። በመቅደሱ ደጅ የጎረቤቱ ዕንባ ቢፈስ፥ ካህኑ ያን ዕንባ እንዳላየ ሊያልፈው አይቻለውም።

ስለ ሁለቱ ቢላዋ

ከዚያ ወዲህ በሐረር ሁለቱ ሕዝብ በአንድ ገበያ ኖሩ። ክርስቲያኑ በስመ አብ ብሎ ያርዳል፤ እስላሙ ቢስሚላሂ ብሎ ያርዳል። አንዱ የሌላውን ሥጋ አይበላም። ክርስቲያኑ በኦሪት የተነገረውን ጠብቆ ግመልን ይተዋል፤ እስላሙ የግመሉን ሥጋ በደስታ ይበላል፤ እሪያን ግን ሁለቱም አይቀምሱም። በእንጀራ፥ በማርና በፍሬ ግን ተባብረው ይቀመጣሉ። በአገራችን ልማድ ክርስቲያን ድግስ ሲደግስ ለእስላም ወዳጁ በሬውን በእስላም እጅ ያሳርዳል፤ ድስቱንና ማዕዱንም ለብቻ ያደርጋል። ይህ መናናቅ የሚመስለው ሰው አለ፤ አይደለም። ባለቤቱ የእንግዳውን እርም ሲጠብቅለት ሕሊናውን አከበረለት ማለት ነው። ጳውሎስም መብል ወንድሜን የሚያሰናክለው ከሆነ እተወዋለሁ ያለው ይህን ነው።

ደግሞም የሰው ልማድ ያደረገው እርም እንደሚሻር በቡና ታየ። ሐረር በቡናዋ የታወቀች ናት። ነገር ግን ቡና የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ በክርስቲያኑ አገር ካህናት ሲከለክሉት ኖረዋል። እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ ብዙ ሰው ይሸሸው ነበር። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው በጠጡ ጊዜ ግን ክልከላው ላላ፤ ዛሬም ቡና የማይፈላበት የክርስቲያን ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ፍሬው ያው ፍሬ ነው፤ የተለወጠው የሰው ፍርሃት ነው። እንግዲህ ሊቅ የሆነ እግዚአብሔር የለየውንና ሰው የፈራውን ይለይ።

በሙሐረም ወር በዐሥረኛው ቀን፥ ዐሹራ በሚሉት፥ የሐረር ሰዎች ገንፎ አገንፍተው በቅቤ አሽተው ለጅብ ያቀርባሉ። በረሃብ ዘመን ጅብ ሰው እየበላ ባስጨነቀ ጊዜ በገንፎ ከእርሱ ጋራ ሰላም ሆነ ብለው አባቶቻቸው ያወራሉ፤ ከአበላሉም የዓመቱን ዕድል ይገምታሉ። በቅጥሩም ሥር የጅብ መግቢያ ቀዳዳ አለ፤ በነርሱ ቋንቋ ጅብ ወራባ ይባላልና ወራባ ኑዱል ይሉታል። ሰው የማይበላውን ጥንብና አጥንት የሚበላው አውሬ በሌሊት እየገባ ከተማይቱን ያጸዳል። የወሩ ስም ሙሐረም መሆኑን ስናስብ ምሥጢር አለው፤ እርም በተባለ ወር፥ እርም ለሚበላ አውሬ፥ ሰው ከገዛ ገንፎው ያካፍላል። አውሬ እንኳ ድርሻው ቢሰጠው የሰውን ድርሻ ይተዋል።

ስለ ምሥጢሩ

ከዚህ በኋላ የነገሩ ፍሬ ይነገር። የማይበላ ነገር ሦስት ዓይነት ነው።

አንደኛው ፍጥረት የከለከለው ነው፤ ድንጋይ፥ እንጨት፥ ብረት። ይህን ሕፃንም ያውቀዋል።

ሁለተኛው ሕግ የከለከለው ነው፤ እርም ያልነው። በዚህ ላይ ግን አማርኛችን አንድ ነገር ይመሰክርብናል። ጉቦ የተቀበለውን ጉቦ በላ እንላለን፤ አደራ ያጠፋውን አደራ በላ እንላለን፤ ዳኛ ፍርድ ሲያጐድል ፍርድ በላ ይባላል፤ ርስቱን የተቀማ ሰው በላኝ ብሎ ይጮኻል። ጥርስ የማይሰብረው መሬት፥ ምላስ የማይቀምሰው ብር፥ በአማርኛ ሁሉ ይበላል። ቋንቋው ራሱ አካንን ያውቀዋል ማለት ነው። ጌታም በወንጌል ጸሎት እያስረዘሙ የመበለቶችን ቤት ይበላሉ ብሎ ጸሐፍትን ገሠጸ፤ ቤት በጥርስ እንደማይታኘክ እያወቀ በላ አለው።

እንግዲህ በዐርብና በረቡዕ ከቅቤ የሚከለከል፥ ግመልና እሪያን የሚጸየፍ፥ የሌላውን ቢላዋ ሥጋ የማይቀምስ ሰው፥ የድኻ አደጉን መሬት ቢበላ ምን ተሐረመ? ጾሙ ከአፉ በር ላይ ቀርቷል። መኰንንም ቢሆን የገባሩን ጥሪት፥ ካህንም ቢሆን የነዳያኑን ድርሻ የበላ፥ የበላው እርም ነው። እሪያ የበላ በኦሪት ልብሱን አጥቦ እስከ ማታ ይነጻ ይሆናል፤ የድኻ ገንዘብ የበላ ግን ካልመለሰ አይነጻም። ዘኬዎስ ይህን ያውቅ ነበርና፥ የቀማሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ሲል ለቤቱ መድኀኒት ሆነለት። አካን በድንኳኑ ቀብሮ ጠፋ፤ ዘኬዎስ በቤቱ ገልጦ ዳነ። ሁለቱም ከኢያሪኮ የታሪካቸው ነገር መሆኑን አስተዋይ ያስተውል።

ሕዝብ ሁሉ የሚጠብቀው ጥንታዊ ነገርም ከዚሁ ወገን ነው። በ1998 ዓ.ም. የሐረር ጀጎል ከ82 መስጊዶቿና ከ102 የወሊዮች ስፍራዎቿ ጋራ በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈች። ቅርስ ማለት ተበልቶ ያላለቀ፥ ለልጅ የቀረ ማለት ነው። ከቅጥሩ ድንጋይ ነቅሎ ቤቱን የሚሠራ ሰው የልጁን ድርሻ በላ።

ሦስተኛው የማይበላ ነገር የማያልቅ ስለ ሆነ የማይበላ ነው። ሙሴ ያየው ቍጥቋጦ በእሳት ውስጥ ሳለ እሳት አልበላውም። የሰራፕታ መበለት ዱቄት ከማድጋዋ አልጐደለም። ጌታም ለሚጠፋ መብል ሳይሆን ለማይጠፋው እንድንደክም ነገረን። ይህን ግዕዝ ዘኢይማስን ይለዋል። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው መንገድ ቅርብ ነው፤ እርምን የተወ ሰው ዘኢይማስንን ያገኛል። የመበለቲቱ ዱቄት ያላለቀው አስቀድማ ከጥቂቷ ለነቢዩ ስለ ለየች ነው፤ የአካን ወርቅ ያልጠቀመው የተለየውን ለራሱ ስላደረገ ነው።

አዳም አንዲቱን ዛፍ ባይበላ ገነት ሁሉ የርሱ ነበረች። ዐፄ ገላውዴዎስ ስለ መብል ወንድምን መናቅን እርም አሉ፤ ራሳቸውን ቢያጡም ቃላቸው አልተበላም። ሐረር ሁለት ቢላዋ ይዛ በአንድ ገበያ ስትኖር፥ ሰው የወንድሙን እርም ካከበረ ወንድሙን እንደማይበላ ታስተምራለች። ሰው የሚበላውን በምስጋና ይብላ፤ የማይበላውን በፍርሃት ይተው፤ የበላውም ካለ ሳይመሽ ይመልስ።